መስታወቱን የዘጋ ሰው «አላወቅኩም» ማለት ይበቃዋል?



የዛሬው የጁሙዓ ማስታወሻችን ስለ ሽሪምፕ ነው። ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለማንሳት አይደለም፤ እሱን በየመድሃባችን ስንከራከርበት ኖረናል፣ ኮመንት ላይ እንደገና ባንከፍተው ደስ ይለኛል። የማወራው ሰዎች ቤታቸው በመስታወት ገንዳ ስለሚያረቡት፣ ጨው በሌለው ውሃ ስለሚኖረው፣ ርዝመቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነው ቀይ ሽሪምፕ ነው። ቼሪ ሽሪምፕ ይሉታል። የምጽፈው ደግሞ ስለማውቀው ሳይሆን ስላጠፋሁበት ነው።

እዚህ ዋሽንግተን ዲሲ ቅዳሜና እሁድ ቁርኣን ከማስቀራቸው ልጆች አንዱ፣ የ11 ዓመት ልጅ፣ የዒድ ገንዘቡን አጠራቅሞ ትንሽ አኳሪየም ለመግዛት አሰበ። ከመግዛቱ በፊት መጥቶ «ኡስታዝ፣ እንስሳ ዘግቶ ማስቀመጥ ሐራም ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። የአቡ ዑመይርን ታሪክ ነገርኩት፤ የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም ትንሽ ወፍ እንደነበረው፣ ወፏ ስትሞትበት አዝኖ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀልድ እንዳጫወቱት። ከሻፊዒይ ዑለማዎች አንዱ፣ በ335 ሂጅሪ የሞቱት ኢብኑል ቃስ፣ ከዚህች አጭር ሐዲስ ብቻ ከ60 በላይ ቁምነገሮችን አውጥተዋል። ዑለማዎች ከሐዲሱ ከወሰዷቸው ነገሮች አንዱ፣ የሚያስፈልጋትን እስካሟላላት ድረስ ወፍን በጎጆ ማስቀመጥ እንደሚፈቀድ ነው። «ሽሪምፕም እንደዚያው ነው» አልኩት። እስከዚህ ድረስ የራሴ ሙያ ስለነበረ ያጠፋሁት የለም።

ልጁ ቀጠለና «የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ይገድላቸዋል ይላሉ፤ ምን ላድርግ?» አለኝ። እኔም ሳላስብ «በባልዲ ቅዳና አሳድረው፣ ክሎሪኑ ተኖ ይወጣል» አልኩት። እናቴ አገር ቤት ውሃው ሲሸታት እንዲያ ነበር የምታደርገው። ዩኒቨርሲቲም ኬሚስትሪ ስለተማርኩ ክሎሪን እንደሚተን አውቃለሁ። ሁለቱ ምክንያቶች ተደጋግፈው ልበ ሙሉ አደረጉኝ።

ልጁ እንዳልኩት አደረገ። ውሃውን አሳደረ፣ ማታውኑ አስር ሽሪምፕ ጨመረበት። እሁድ ሲመጣ ስምንቱ ሞተው ነበር። ትምህርቱ እስኪያልቅ ዝም ብሎ ቆየና ሌሎቹ ሲወጡ «ኡስታዝ፣ ወንጀል አለብኝ?» አለኝ። «የለብህም ልጄ፣ አላወቅክም፤ አላህ ባላወቅከው አይዝህም» አልኩት። ትንሽ አሰበና አንድ ቃል ጠየቀኝ፦ «እርስዎስ?»

እናቱ በር ላይ ቆማ ነበር፤ «ኡስታዝን እንዲህ ይባላል?» ብላ ተቆጣችው። እኔ ሳቅኩ። ያን ሌሊት ግን ሳቁ አብሮኝ አልቆየም።

መጀመሪያ ምን እንደገደላቸው አጣራሁ፤ ከመጠየቄ በፊት ማድረግ የነበረብኝን ከሞቱ በኋላ ማለት ነው። የዲሲ ውሃ ከፖቶማክ ወንዝ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የሚታከመው ደግሞ በክሎሪን ብቻ ሳይሆን በክሎራሚን ነው። ክሎራሚን ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ሲዋሃድ የሚገኝ ነው፤ የተመረጠውም በቧንቧው ውስጥ ቶሎ ሳይጠፋ ረጅም መንገድ እንዲጓዝ ነው። ቧንቧ ውስጥ ቶሎ የማይጠፋ ነገር አንድ ሌሊት በባልዲ ስላደረ አይጠፋም። ለዚህ የሚሸጥ የውሃ ማከሚያ ጠብታ አለ፤ ክሎራሚንን የሚያፈርስ መሆኑን ጠርሙሱ ላይ አንብቦ መግዛት ያስፈልጋል። የእናቴ ዘዴ ለእናቴ ውሃ ትክክል ነበር። እኔ ነኝ ያለ ቦታው የወሰድኩት።

ሁለተኛው ገዳይ ደግሞ ውሃው አዲስ መሆኑ ነው። ይህን ነገር ብዙ ጀማሪ አያውቀውም፣ እኔም ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሽሪምፕ ከሚጥለው ቆሻሻና ከተረፈው ምግብ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያ መርዝ ነው። በቆየ አኳሪየም ውስጥ በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይሰፍራሉ፤ ከፊሎቹ አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው፤ ሌሎቹ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ድረስ ብዙ ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በነዚያ ሳምንታት ገንዳው ሙሉ ነው፣ ፊልተሩ ይሠራል፣ ውሃው ጠርቶ ያምራል፣ ግን ሽሪምፕ አይገባበትም። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ ባዶ ውሃ ያያል። በመመርመሪያ ጠብታ እየለካ አሞኒያውና ናይትራይቱ ሁለቱም ዜሮ እስኪሆኑ ይጠብቃል። የተማሪዬ ውሃ ዕድሜው አንድ ቀን ነበር።

አሁን ወደ ጥያቄው ልመለስ። «አላወቅክም» ያልኩት መልስ ከየት መጣ? አንዳንዶቻችሁ እንዳሰባችሁት ከሱረቱ ነምል። ጉንዳኗ ባልንጀሮቿን ወደ ቤታችሁ ግቡ ስትላቸው፣ ሱለይማን (ዐ.ሰ) እና ሠራዊቱ ሊረግጧቸው እንደሚችሉ ተናግራ፣ ያንን የሚያደርጉት ግን ሳያውቁ መሆኑን ጨመረች። ሙፈሲሮች የጉንዳኗን አደብ ያደንቃሉ፤ ልትሞት እየፈራች እንኳ ለነቢይ ምክንያት ሰጠችለት፣ ሆን ብሎ አይጨፈልቀንም አለች። እኔም ለልጁ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው። ለራሴም የሰጠሁት እሱኑ ነው።

ነገር ግን ሌሊቱን ሳስበው አንድ ነገር አላስተኛ አለኝ። ሱለይማን (ዐ.ሰ) መንገደኛ ነበር። ጉንዳኖቹም የሚገቡበት ቤት ነበራቸው። ሠራዊቱ አልከለላቸውም፣ በር አልዘጋባቸውም። «ሳያውቁ» የሚለው ምክንያት ለመንገደኛ የተሰጠ ምክንያት ነው። ሽሪምፖቹን ግን ማንም በመንገዱ ሲያልፍ አልረገጣቸውም። በገንዘብ ገዝተን፣ በአራት መስታወት ከለልናቸው፣ ከዚያ የሚተነፍሱትን ነገር በእጃችን ቀዳንላቸው።

የድመቷን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ድመት ዘግታ ስላስራበች ስለተቀጣችው ሴት ነው። ሐዲሱን ብዙ ጊዜ «ለእንስሳ እዘኑ» ለማለት ብቻ እንጠቀምበታለን፤ ጥፋቱ በምን እንደተገለጸ ግን አስተውሉ። ሴትየዋ አልመገበቻትም፣ የምድርን ነፍሳት ለቅማ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። የጎረቤት ድመት በጓሯ ተርባ ብትሞት ጉዳዩ ሌላ በሆነ ነበር። አላህ (ሱ.ወ) የእያንዳንዷን ነፍስ ሪዝቅ በራሱ ላይ አድርጓል፤ ድመቷም የራሷ የሪዝቅ መንገድ ነበራት። ሴትየዋ ያንን መንገድ ዘጋችና በምትኩ የራሷን እጅ አላደረገችም።

ለሽሪምፕ ነገሩ ከዚህም ይጠብቃል። ድመት ቢያንስ አየሩን ከእኛ አትለምንም። ሽሪምፗ ወንዝ ውስጥ ብትሆን ቆሻሻዋን የሚወስድላት ጅረቱ ነው። መስታወት ውስጥ ጅረቱ እኔ ነኝ። ሙቀቱ፣ ማዕድኑ፣ ንጽሕናው፣ የምትሸሸግበት ቅጠል፣ ሁሉም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ዒዙዲን ኢብኑ ዐብዲሰላም (በ660 ሂጅሪ ነው የሞቱት) ቀዋዒዱል አሕካም በተባለው ኪታባቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ ታማም ሆነ አርጅታ ጥቅም መስጠት ብታቆም እንኳ የምትበላውን ማቅረብ እንደሚገባ ጽፈዋል። ሐቅ ነው ያሉት፤ ችሮታ አላሉትም። የሰው ሐቅ ያለበት ሰው ስንት እንዳለበት ማወቅ አለበት፤ ዕዳውን ሳይቆጥር «መክፈል ነይቼ ነበር» ቢል የሚሰማው የለም። መስታወቱን ስዘጋው ማወቅም አብሮ ግዴታዬ ሆነ ማለት ነው። ውሃውን አለማወቄ ምክንያት መሆኑ ቀርቶ ራሱ ጥፋቱ ሆነ።

አንድ ወንድሜ ይህን ሳጫውተው «ሰው በሚራብበት ዘመን ለስምንት ሽሪምፕ ይህን ያህል?» አለኝ። ልክ ነው፣ ሽሪምፕን ከሰው የሚያስቀድም ሰው ሚዛኑ ጠፍቶበታል፤ ከሶደቃው ቀንሶ ሌላ አኳሪየም የሚገዛውን ሰው እኔም አልደግፍም። ግን ትንሽነቷ ከሐቅ ያስወጣታል ከተባለ ድንበሩ የት ላይ ነው? ቁርኣን ውስጥ በጉንዳን፣ በንብና በሸረሪት የተሰየሙ ሱራዎች አሉን። እ.ኤ.አ. በ2022 የእንግሊዝ ፓርላማ ስሜት አላቸው ብሎ በሕግ ከመዘገባቸው እንስሳት መካከል ሽሪምፕና ሸርጣን ይገኙበታል። ይህን የጠቀስኩት «ሳይንስ አሁን ደረሰበት» ከሚሉት ፖስቶች ለመቀላቀል አይደለም፤ እነዚያን አልወዳቸውም። ሃይማኖት የሌለው ሰው እንኳ ጥያቄውን በቁም ነገር እንደያዘው ለማሳየት ነው። ደግሞ ለምግብ የምናርደውንም ቢላችንን እንድንስል፣ እንዳናሰቃየው ታዘናል። መግደል በተፈቀደበት ቦታ እንኳ አገዳደሉ ከተቆጠረብን፣ ለጨዋታ ያመጣነው በቸልታችን ሲሞት አይቆጠርም ማለት አልችልም።

አሁን «እርስዎስ?» ወደሚለው። አቡ ዳውድ ከጃቢር (ረ.ዐ) የዘገቡት አንድ ሐዲስ አለ። በጉዞ ላይ አንድ ሰው ጭንቅላቱን በድንጋይ ቆሰለ፣ ከዚያም ጀናባ ሆነ። ተየሙም ይበቃኝ ይሆን ብሎ ባልደረቦቹን ጠየቀ። ውሃ እያለ አይበቃህም አሉት፤ ታጠበና ሞተ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲሰሙ «ሳታውቁ ነው» ብለው አላጽናኗቸውም። ገዳዮቹ እነርሱ እንደሆኑ ተናገሩ፣ ካላወቁ ለምን እንዳልጠየቁ ወቀሱ፣ የአላዋቂነት መድኃኒቱ መጠየቅ መሆኑን አስተማሩ። ሰዎቹ ክፋት አልነበረባቸውም። ለዲን ተቆርቁረው ነው እንዲያ ያሉት። ግን የመጠየቂያው በር ክፍት እያለ በግምት መለሱ። እኔም ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር። የከተማው ውሃ በምን እንደሚታከም ለማወቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ሰውና ሽሪምፕ አንድ አይደሉም፤ ያቺ ሁለት ደቂቃ ግን ያው ናት።

ልጁ ግን ጠይቋል። ባልደረቦቹን እንደጠየቀው ቁስለኛ ማለት ነው። ጥፋት ካለበት የጠየቀው ሰው ላይ ነው፤ ይህን የለመደው ደግሞ ከእኛ ነው። ቁርኣን ካላወቃችሁ የዕውቀት ባለቤቶችን ጠይቁ ሲል፣ በየነገሩ ባለቤቱ ሌላ ነው። ማኅበረሰባችን ኡስታዝን ሁሉን ያስጠይቀዋል፤ የስኳር መድኃኒቴን በረመዷን እንዴት ልከፋፍል፣ የቤት ብድሩ ወለዱ ስንት ይደርሳል፣ ለልጄ የትኛው ኮሌጅ ይሻላል። እኛ ኡስታዞችም «አላውቅም» ማለት የሚያሳንሰን ይመስለናል፤ ስለዚህ ግምታችንን በቢስሚላህ ጀምረን በ«ወሏሁ አዕለም» እንዘጋዋለን። ጠያቂው ደግሞ የሰማው መሐሉን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት እናቱ ባለችበት «ጥያቄህን አልመለስኩልህም ነበር፤ አዎ፣ እኔ ላይ አለብኝ፣ ኢስቲግፋር አድርጌአለሁ» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀና «ታዲያ ባልዲውን ይይዙልኛል?» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም የሽሪምፕ ደረሳ ሆንኩ። የተረፉትን ሁለቱን ሽሪምፖችን ዓመታት ላረባ ጎረቤታቸው በአደራ ሰጠንና አምስት ሳምንት ባዶ ውሃ ለካን።

ያየሁትን ሁሉ አልዘረዝርም፤ አንዱ ግን ከገመትኩት በተቃራኒ ሆነብኝ። ጀማሪ ሽሪምፕን በረሃብ የሚገድል ይመስላችኋል። ብዙ ጊዜ የሚገድለው በማጥገብ ነው። ሽሪምፕ ቀኑን ሙሉ በቅጠልና በድንጋይ ላይ የሚበቅለውን አልጌና ስስ ሽፋን እየለቀመች ትውላለች፤ ተጨማሪ ምግብ በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ ትንሽ ብቻ ይበቃታል። የተረፈው ይበሰብስና አሞኒያ ይሆናል። ልጁ ደግሞ ስለሚወዳት በየቀኑ ይጨምርላት ነበር። ውሃውንም እንዲጸዳላት ብሎ በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ሊቀይረው ሲል ጎረቤቱ ከለከለው፤ የውሃው ማዕድን በድንገት ሲለወጥ ቅርፊቷን በትክክል መቀየር አቅቷት ልትሞት ትችላለች። ከአስር እስከ ሃያ በመቶ፣ በቀስታ፣ ሙቀቱን አመሳስሎ፣ ይህ ነው ልኩ። አንድ ቀን ባዶ ቅርፊቷን አይቶ ሞተች ብሎ አለቀሰ። ሽሪምፗ ቅጠል ስር ለስላሳ ሆና ተደብቃ ነበር። ቅርፊቱንም እንዳያወጣው ተነገረው፤ ማዕድኑን ለመመለስ ራሷ ትበላዋለች።

ከዚያ አንዷ ረገዘች እንበል፤ ከሆዷ ስር ሃያ ሠላሳ የሚሆን ትናንሽ እንቁላል ይዛ ታየች። አንድ ወር ገደማ በመዋኛ እግሮቿ ሳታርፍ እያራገበች ንጹሕ ውሃ ታሳልፍላቸዋለች። ሲፈለፈሉ ልክ የእናታቸውን ቅርጽ ይዘው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞሉ ሆነው ይወጣሉ። ሱብሓነላህ፣ በአጉሊ መነጽር ያየሁ ቀን ዐስር ሊያመልጠኝ ነበር።

ደስታው ግን ሁለተኛ ጥያቄ አመጣ። ሽሪምፕ በጥቂት ወራት ውስጥ በብዙ እጥፍ ይባዛል። የዱሩ ዝርያ ደግሞ ቀይ አይደለም፣ ቡናማና እንደ መስታወት የሚያሳልፍ ነው፤ ቀዩ ሰው እየመረጠ ያመጣው ነው። ስለዚህ ከልጆቹ መካከል ፈዛዛ ይወለዳል፣ የተለያየ ቀለም ካደባለቃችሁ ደግሞ ከትውልድ በኋላ ወደ ቡናማው ይመለሳል። አንዳንድ አርቢዎች ፈዛዞቹን ይገድላሉ። ለዓሣ ምግብ ማዋል አንድ ነገር ነው፤ ቀለሟ ስላላማረ ብቻ መጣል ግን ነፍሴ አልተቀበለችውም። ፈትዋ አልሰጥም፣ ከፈትዋ ገና እያገገምኩ ነው። ለልጁ የነገርኩት ፈዛዞቹን ለብቻቸው በሌላ ገንዳ እንዲያኖር፣ የሚሰጣቸው ካለም ውሃው የበሰለለት ሰው መሆኑን እንዲያጣራ ነው።

እሱ ግን «ለምን ፖቶማክ ወንዝ አንለቃቸውም? ነፃ ይወጣሉ» አለ። ነፃ ማውጣት በዲናችን ትልቅ ቦታ ስላለው ጥያቄው ያማልላል። በዚህ ጊዜ ቶሎ አልመለስኩም፣ አንብቤ ተመለስኩ። በኢንዶኔዥያ ሱላዌሲ ደሴት ላይ ማታኖ የሚባል፣ ጥልቀቱ 600 ሜትር ገደማ የሚደርስ ጥንታዊ ሐይቅ አለ። በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ፣ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ቀይ ሽሪምፕ ይኖርበታል፤ ለአኳሪየም ሰዎች ትልቅ ጌጥ ነው። ወደዚያ ሐይቅ ፍላወርሆርን የተባለ፣ ሰው ለውበት ያዳቀለው የአኳሪየም ዓሣ ገባና ተባዛ። ዛሬ ያ ሽሪምፕ በዓለም አቀፍ መዝገብ እጅግ ከፍተኛ የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ፍጡራን ተርታ ነው፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ዓሣ ነው። ዓሣውን የለቀቀው ሰው ምናልባት አዝኖለት ይሆናል። ቼሪ ሽሪምፕም ራሱ በጀርመን ከኃይል ማመንጫ በሚወጣ ሙቅ ውሃ በሚሞቅ ወንዝ ውስጥ ሰፍሮ ተገኝቷል። ልጁ ሰምቶ «እሺ፣ ታዲያ ሲበዙ?» አለ። አንዱ መንገድ ወንዱንና ሴቷን መለየት ነው፤ ጎረቤቱ እንዴት እንደሚለዩ እያሳየው ነው።

ባለፈው እሁድ ከትምህርት በፊት ስልኩን ይዞ መጣ። የከተማው ውሃ ድርጅት በየጸደዩ ለጥቂት ሳምንታት ክሎራሚኑን ትቶ በክሎሪን ብቻ ቧንቧዎቹን እንደሚያጥብ ማስታወቂያውን አግኝቶ ነበር። «ኡስታዝ፣ ጠብታው ለሁለቱም ይሆናል፣ ጠርሙሱን አንብቤአለሁ፤ ግን መጠኑን እንጠይቅ?» አለኝ። አብረን ለጎረቤቱ ደወልን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱሏሂ ወበረካቱህ።